ሁለተኛው ፋቲሐ

የጫጉላ ሽርሽር የሚሉትን ነገር ናርዶስ ድሮም አትወደውም ነበር። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ሆቴል ውስጥ ተዘግተው፣ ቁርስ አልጋ ድረስ እያስመጡና ፎቶ እየተነሱ ሳምንት ሙሉ ምን እንደሚሠሩ አይገባትም። ስለዚህ በመልሷ ማግስት፣ ገና የድግሱ ድስት ታጥቦ ሳያልቅ፣ አለቃዋ አቶ አያሌው ደውለው «ካርቱም ሄደሽ አንድ ዕቃ ካየሽልኝ የባልሽንም ትኬት እኔ እችላለሁ፤ በዚያው ተዝናኑ» ሲሏት ባሏን ሳትጠይቅ እሺ አለች። ባሏ ፀጋአብ ሲሰማ ከእሷ በላይ ተደሰተ። ካርቱም ተወልዶ ያደገባት ከተማ ናት፤ እናቱም እዚያው ናቸው።

ዕቃው መንኮራኩር ነበር። አቶ አያሌው ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር የመዝናኛ ፓርክ እየሠሩ ነው። ዥዋዥዌው ቆሟል፣ የሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች ገብተዋል፤ የጎደለው ከሩቅ የሚታየው፣ ሰው በየወንበሩ ተሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚወጣበት ትልቁ መንኮራኩር ብቻ ነው። አዲሱ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ የለም። ካርቱም ውስጥ ግን ሐጅ ባቢከር የሚባሉ ሰው የፓርካቸውን መንኮራኩር አውርደው ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ደረሳቸው። ናርዶስ መካኒካል መሐንዲስ ናት፤ ሙያዋ የብየዳ ምርመራ ነው። እስከዚያ ቀን የመረመረችው የስኳር ፋብሪካ ቦይለርና የነዳጅ ታንከር ነበር። ሥራው ግን ያው ነው፤ ብረቱ ደህና ከሆነ ትፈርማለች፣ ካልሆነ አትፈርምም። ከፈረመች የሐዋሳ ልጆች ሰማይ የሚወጡት ፊርማዋ ላይ ተቀምጠው ነው። ይህን ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ስለ ፀጋአብ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይሉኝታ አለበት። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከጎንደር በመተማ አድርገው የወጡ ስደተኞች ናቸው፤ እሱም ጀሪፍ ሠፈር፣ ከሱዳን ልጆች ጋር ኳስ እየተራገጠ ነው ያደገው። ሰው አገር ያደገ ልጅ ከቃላት ሁሉ መጨረሻ የሚማረው «እንቢ» የሚለውን ነው፤ ፀጋአብ ጭራሽ አልደረሰበትም። የረክሻ፣ ማለትም የባጃጅ ነጂ ከቤቱ አሳልፎ ቢወስደው፣ ሰውየውን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ወርዶ፣ አመስግኖ፣ የመጣበትን መንገድ በእግሩ የሚመለስ ሰው ነው። ናርዶስ ሳታገባውም ታውቅ ነበር። «ይለቀዋል» ብላ ነው ያገባችው።

እናቱ እትዬ ቀጸላ ለሙሽሮቹ አልጋቸውን ለቀው እሳቸው ሳሎን ተኙ። ጠዋት ናርዶስ የሥራ ሱሪዋን ለብሳ ብቅ ስትል ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ለመሆኑ ለሥራ ነው ለሽርሽር የመጣችሁት?»

«ለሁለቱም ነው፣ እማ።»

«ሁለት ወዶ መች ይሆናል ልጄ» አሉና፣ ወደ ልጃቸው ዞረው «ሐጅ ባቢከር አባታቸው ሞተዋል፤ ገና ወሩ ነው። ለቅሶ ሳትደርስ እንዳትመለስ» ሲሉ አስጠነቀቁት።

ፓርኩ ወንዙ ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ ዘበኛው ሁለት ጎረምሶችን ከበሩ እየመለሰ ነበር። ቦታው ለቤተሰብ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ሚስት፣ እናት ወይም እህት ያልያዘ ወንድ አይገባም። ፀጋአብ በጉርምስናው ስንት ጊዜ ከዚህ በር እንደተባረረ እየሳቀ ነገራት።

«አንድ ጊዜ እማዬን ለምኜ አመጣኋት። እሷ ጥላ ሥር ተኛች፣ እኔ ስሽከረከር ዋልኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አግብቻለሁ። ያላ፣ ክንዴን ያዢ።»

«ለካ ያገባኸኝ በሩን ለማለፍ ነው።»

«ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክሬ ነበር።»

ሐጅ ባቢከር ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ረጅም ሰው ናቸው፤ ገና ከሩቁ ሲያዩዋቸው ተነስተው መጡ። ፀጋአብ ሰላምታውን ከመጀመሩ በፊት ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «አል-ፋቲሐ» አለ፤ የቁርኣኑን መክፈቻ እንድገም ማለቱ ነው። ሐጁም ዘረጉ። ለአፍታ የሁለቱም ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ፊታቸውን አበሱ። ሱዳን ውስጥ ሐዘን የደረሰበትን ሰው ስታገኝ ከሁሉ በፊት የምታደርገው ይህን ነው። ክርስቲያኑም ጎረቤት እጁን ይዘረጋል፤ በልቡ የራሱን አባታችን ሆይ ይደግማል። ፀጋአብ ከልጅነቱ ጀምሮ በየለቅሶው ሲያደርገው ስለኖረ እጁ ራሱ ያውቀዋል።

መንኮራኩሩ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ናርዶስ ለእንግዳ የሚቀርበው ቀዩ መጠጥ፣ ከርከዴው፣ ሳይመጣ ተነሳች።

«ልውጣበት በላቸው።»

ባልና ሚስቱ አንድ ወንበር ላይ ተሳፈሩ። ሞተሩ አጉረመረመና ምድር ወደ ታች ሄደች። መጀመሪያ የዘንባባዎቹ ጫፍ፣ ቀጥሎ የጣሪያዎቹ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ቡናማው ወንዝ በሙሉ ታየ። ፀጋአብ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። ያ ድልድዩ ነው፣ ያ ደግሞ ትምህርት ቤታችን ነበር፣ ይሄ እንዲህ ነበር ማለቱን ቀጠለ። ናርዶስ የሞተሩን ድምፅ ነው የምታዳምጠው። ልክ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ዝም አለ፤ ከታች ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «ካህረባ ጠፋ» እያለ ተነጫነጨ። መብራት ሄዷል።

«ማሌሽ፣ ምንም አይደል፤ ጀነሬተር አላቸው፤ አሁን ያስነሱታል» አላት ፀጋአብ። «እስከዚያ የጫጉላ ሽርሽራችን ይኸው። አባይን እይው።»

ናርዶስ አባይን አላየችም። ጀርባዋን ሰጥታው፣ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ፣ ከራሳቸው በላይ ያለውን የብረት ክንድ ታያለች። ክንዱ ከክቡ ጠርዝ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ፣ ያዘቀዘቀው ፀሐይ በጎን ሲመታው፣ በሰማያዊው ቀለም ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር አየች። ቀለሙ ገና አዲስ ነው። አዲስ ቀለም አይዝግም፤ ዝገት ከወጣበት ከሥር ነው የሚመጣው።

«ፀጌ፣ ይሄ ብየዳ ሳይሰነጠቅ አልቀረም።»

«እዚህ ላይ ሆነን ነው የምትነግሪኝ?»

«ሌላ ቦታ ሆኜ አልታየኝማ።»

ፀጋአብ ሁለት እጁን ወንበሩ ጠርዝ ላይ አኖረ። «ይወድቃል?»

«ዛሬ አይወድቅም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። ባይወድቅ ይሻላል ማለቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ድልድዩም ስለ ትምህርት ቤቱም አላወራም። ጀነሬተሩ ተነስቶ መሬት ሲያደርሳቸው ናርዶስ እግሯ ከመርገጡ መናገር ጀመረች።

«እንዲህ በላቸው። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለው ቀለም ተፍቆ በኬሚካል መመርመር አለበት። እስከዚያ ድረስ መግዛትም አለመግዛትም የለም።»

ፀጋአብ ወደ ሐጁ ዞሮ በአረብኛ ብዙ ተናገረ። ፈገግ አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ሐጁም ሳቁ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«እኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት» አለችው ናርዶስ። «አንተ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«አረብኛ ሰላምታ ይፈልጋል።»

«የነገርኩህን ነገርካቸው ወይ?»

«ነገርኳቸው። ኻላስ፣ ቅዳሜ ጠዋት መርምሪ ብለዋል። ነገ ጁምዓ ስለሆነ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውናል።»

ነገ ጁምዓ፣ ማለትም ዓርብ፣ ጾም ነው። ናርዶስ ይህን ልታነሳ አሰበችና ተወችው። ኬሚካሉን ስለመግዛት ነበር የምታስበው። ዓርብ ጠዋት ፀጋአብን እየጎተተች ሰጃና ገበያ ሄደች፤ ከብየዳ ዕቃ ሻጮች መካከል የምትፈልጋቸውን ሁለት የሚረጩ ቆርቆሮዎች፣ ቀዩንና ነጩን፣ ያለው አንድ ሰው አገኘች። የሽቦ ብሩሽም ገዛች። ሙሽራ ከሆነች ወዲህ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላገኘችም።

የሐጁ ቤት አል-ማንሺያ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ዘበኛው ኢትዮጵያዊ፣ አጥሩ ላይ ያበባ ሐረግ የተንጠላጠለበት። እንደገቡ ፀጋአብን ወንዶቹ ወሰዱት፤ ናርዶስን የሐጁ ልጅ ሐምዲያ እጇን ይዛ ግቢውን አቋርጣ ወደ ሴቶቹ ክፍል ወሰደቻት። ሐምዲያ የናርዶስ እኩያ ናት። አማርኛ እንደምትችል ስትናገር ናርዶስ ደስ አላት፤ ግን የለመደችው ከቤት ሠራተኞቻቸው ጋር ነውና የምታውቀው ሁሉ ትእዛዝ ነበር።

«ነይ። ቁጭ በዪ። ብዪ።»

«ሥጋ አልበላም። ጾም ነው።»

«ጾም» አለች ሐምዲያ፤ ይህንንም ታውቀዋለች። የሥጋውን ሳሕን ገፋ አድርጋ ፉሉን አቀረበች። «ብዪ። ቶሎ።»

ናርዶስ አባብላ ከምታበላ አክስት ይልቅ እንዲህ ያለው አስተናጋጅ ይመቻታል። ፉሉን በላች። ከግቢው ማዶ፣ ከወንዶቹ ክፍል፣ ሳቅና የሳሕን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በኋላ ጸጥ አለ፤ ከጸጥታው ቀጥሎ ብዙ ሰው ባንድ ላይ «መብሩክ፣ መብሩክ» ሲል ተሰማ። ሐምዲያ ወደዚያ ጆሮዋን ሰጥታ ወደ ናርዶስ ፈገግ አለች፤ እሷም ጨዋታው ደርቶ ነው ብላ መልሳ ፈገግ አለች።

ወደ ጀሪፍ ሲመለሱ ፀጋአብ በታክሲው መስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

«ምሳው እንዴት ነበር?»

«ተማም፣ ደህና ነበር።»

«ሥጋውንስ?»

«ዓርብ ነው አልኳቸው። ደግሞም ያረዱት እነሱ ናቸው፤ እማዬ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።»

«ቅር አላቸው?»

«አዎ። በግ አርደው ነበር፤ ለእኛ ብለው።» ጭንቅላቱን አከከ። የቀረውን ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። ናርዶስ ቀዩ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ስለነበር አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ፓርኩ ሲደርሱ ወንበሮቹ ሁሉ ከመንኮራኩሩ ወርደው ሣሩ ላይ ተደርድረዋል። ሠራተኞች መፍቻ ይዘው መሰላል ላይ ናቸው፤ በሩ ጋ ደግሞ ጀርባው ባዶ የሆነ ረጅም የጭነት መኪና ቆሟል። ናርዶስ በጣም ተደሰተች።

«አየህ? ሰው በግልጽ ሲነገረው እንዲህ ነው የሚሠራው። ወንበሮቹ ቢወርዱ ይሻል ነበር ልል ነበር እኮ፤ ራሳቸው አሰቡት።»

የፀጋአብ ዓይን ከመኪናው አልተነሳም።

እሷ ሥራዋን ጀመረች። ክቡ በእጅ ተገፍቶ እንዲዞርላት አደረገች፤ ያን ቀን ከላይ ያየችው መገጣጠሚያ ከፊቷ ሲመጣ አስቆመችው። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀች፣ ብረቱን ወለወለች፣ ቀዩን ረጨች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ናርዶስ ወረፋ ጥላ የምትሄድ፣ የሻይ ውሃ ሳይፈላ የምታወርድ ሴት ናት፤ ቀዩ ፈሳሽ ስንጥቅ ካለ እስኪገባበት ግን እጇን አጣምራ ቆማ ትጠብቃለች። ስትጨርስ በጨርቅ ጠርጋው ብረቱ ንጹሕ ሆነ። ነጩን ረጨችበት። እንደ ኖራ ደርቆ ነጣ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ በነጩ ላይ፣ በብየዳው ጠርዝ፣ ቀይ ክር ብቅ አለና ቀስ ብሎ ረዘመ።

ቀጣዩንም ሞከረች፤ ያም ቀይ አወጣ። ሦስተኛው ላይ ሳትጠብቅ ፀጋአብን «ሐጁን ጥራቸው» አለችው።

ሐጅ ባቢከር መጥተው መስመሩን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ለፀጋአብ በለዘበ ድምፅ አንድ ነገር ነገሩት። ፀጋአብ አልተረጎመም።

«ምን አሉ?»

«እ... ሐዋሳ ስትደርሱ ማስበየድ ትችላላችሁ አሉ።»

«ስንደርስ? ማን ይዞት ነው የሚደርሰው?»

ፀጋአብ ወደ ጭነት መኪናው አየ። ናርዶስም አየች። ያኔ ነው ወንበሮቹ ለምን እንደወረዱ የገባት።

«ፀጋአብ» አለች፤ ስሙን በሙሉ ስትጠራው ነገሩ እንደከረረ እሱም ያውቃል። «ምንድነው ያደረግከው?»

ነገራት። ትናንት ወንዶቹ ክፍል ሲገባ የሐጁ ወንድሞች ነበሩ፤ እነሱም የሟቹ ልጆች ናቸውና ለአባታቸው ፋቲሐ አነሳ። ሥጋው መጣ፤ እንቢ አለ። ሁሉም ሳሕኑን፣ ከዚያ እሱን አዩ። እጅ ከታጠበ በኋላ ሐጁ እንደገና «አል-ፋቲሐ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ወንድሞቻቸውም ዘረጉ።

«አንተም ዘረጋህ።»

«ለሟቹ መስሎኝ ነው። ሥጋውን እንቢ ብዬ እጄንም እንቢ ልበል? ፋቲሐ ለስምምነት ማሰሪያም እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሸጥ በፋቲሐ ነው የሚታሰረው። ግን አልመጣልኝም። መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ ሲሉኝ ነው የገባኝ።»

«ሲገባህስ ምን አልክ?»

«አላህ ይባርክ ፊኩም፣ እናንተንም ይባርክ አልኩ።»

«እሱስ ለሟቹ መስሎህ ነው?»

ፀጋአብ መሬት አየ። ሠራተኞቹ መሰላሉ ላይ ሆነው ወደ ታች ያያሉ። ናርዶስ ጓንቷን አወለቀች። አልጮኸችም፤ መጮህ ጊዜ ይወስዳል።

«አሁን ልክ እኔ እንደምለው ትነግራቸዋለህ። ይህ መንኮራኩር የተሰነጠቀ ነው። አንገዛውም። ባሌ እጁን ያነሳው ለአባትዎ ነፍስ እንጂ ለመንኮራኩሩ አይደለም።»

ፀጋአብ ጀመረ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስለ አባታቸው አንድ ነገር አለ፣ ሐጁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ መንኮራኩሩ ሊል ሲል ድምፁ ወረደ፤ በመጨረሻም «ኢንሻአላህ» አለ።

«ቁም» አለች ናርዶስ። «እኔ ኢንሻአላህ አላልኩም።»

«ናርዲ፣ በሠራተኞቻቸው ፊት...»

«አንተ ካልነገርካቸው በራሴ አረብኛ እነግራቸዋለሁ። የማውቀው ደግሞ "ላ" የምትለዋን ብቻ ናት።»

ፀጋአብ ሚስቱን አየ፣ ሐጁን አየ። እኒህ ሰው በልጅነቱ፣ በዓል ሲሆን፣ ለሠፈሩ ልጆች በነጻ ያሳፍሯቸው የነበሩ ናቸው። ዛሬ ያዋረዳቸው እንደሆነ እናቱ ነገ ገበያ ሲወጡ ይነገራቸዋል። ናርዶስ ይህን ሁሉ ፊቱ ላይ አየችው፤ ግን አላገዘችውም። ይህን አንዱን ራሱ መወጣት ነበረበት።

እንደገና ጀመረ። አሁን ፈገግታም፣ እጅ ደረት ላይ ማድረግም አልነበረም። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ናርዶስ ከመጣች ጀምሮ ከባሏ አፍ የሰማችው አጭሩ አረብኛ ነው። የሐጁ ፊት ጠቆረ። አንዴ ጠየቁ፤ እሱም መለሰ። ከዚያ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገር ጀመሩ፤ እጃቸውን ወደ ጭነት መኪናው፣ ወደ ወንበሮቹ፣ በመጨረሻ ወደ ፀጋአብ እጆች ሰነዘሩ።

«በወንድሞቼ ፊት ነው የተነበበው ይላሉ» አለ ፀጋአብ፤ አሁን ቃል በቃል ነው የሚተረጉመው። «ከመደኒ ከተማ የመጣ ገዢ መልሻለሁ ይላሉ። እጅህ ይዋሻል ወይ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«እጄ አልዋሸም፣ ተሳስቷል አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ስህተት አይደለም፣ ጥፋት ነው አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አንገዛም አልኩ።»

«ጥሩ።»

ሐጅ ባቢከር ወደ ሠራተኞቹ ዞረው ትእዛዝ ሰጡ። ሁለቱ ከመሰላሉ ወርደው አንዱን ወንበር ከሣሩ ላይ አነሱ።

«ምንድነው?»

«መልሳችሁ ግጠሙት አሉ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት ቤተሰብ ይመጣል። ሃያ ዓመት ዞሯል፣ ዛሬም ይዞራል አሉ።»

ለአቶ አያሌው ከሆነ የናርዶስ ሥራ እዚህ ላይ አልቋል። መንኮራኩሩ ሐዋሳ አይሄድም፤ ፊርማዋም የለበትም። ሰዎቹ ግን ወንበሩን ተሸክመው ቀዩ መስመር ወዳለበት ክንድ እየሄዱ ነው። ናርዶስ መንገዳቸው ላይ ቆመች። ሰዎቹ ሴት እንዳይነኩ ዞረው ሊያልፉ ሞከሩ፤ እሷም ዞረች።

«በላቸው፣ ፀጌ...»

ፀጋአብ እስክትጨርስ አልጠበቀም። ሐጁ ፊት ሄዶ ቆመና ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ልክ ለለቅሶ እንደሚዘረጋ። ለአፍታ የሐጁም እጅ ከልማድ የተነሳ ከፍ ማለት ጀመረ። ያኔ ፀጋአብ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሠራተኞቹ ወንበሩን መሬት አስቀመጡ። የሐጁ እጅ ሳይነሳም ሳይወርድም ቀረ።

«ምን አልካቸው?» አለች ናርዶስ በሹክሹክታ።

«ዛሬ ልጆች ካሳፈሩበት ነገ እንዲህ እጃችንን ዘርግተን እንመጣለን፤ ያኔ ለማን እንደሆነ አልሳሳትም አልኩ።»

ሐጅ ባቢከር ወደ ክንዱ ሄዱ። ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አሳረፉና አሹት፤ ጣታቸው ቀላ፣ መስመሩ ግን ከነጩ ሥር እንደገና ማርጠብ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ለሠራተኞቹ አንድ ቃል ጣሉላቸው፤ ወንበሮቹ እዚያው ሣሩ ላይ ቀሩ። የጭነት መኪናው ነጂ ሞተሩን አስነስቶ ባዶውን ወጣ።

ናርዶስ ጥላ ሥር ሄዳ ለአቶ አያሌው ፎቶውን ላከች። ወዲያው ደወሉ።

«ናርዶስ፣ ሐዋሳ መግቢያ ላይ የመንኮራኩሩን ሥዕል አሰቅያለሁ እኮ። ከተማው ሁሉ አይቶታል።»

«ያውርዱት፣ አቶ አያሌው።»

«እንዴት አወርደዋለሁ?»

«ልጅ ከሚወርድ ሥዕል ይውረድ። ሌላ መንኮራኩር እንፈልጋለን፤ ይሄን ግን እኔ አልፈርምም፣ የሚፈርም ሌላ ሰው ካገኙም ስሙን ይንገሩኝ፣ ይቺኑ ፎቶ ለእሱም እልክለታለሁ።»

አቶ አያሌው ትንሽ ተነፈሱ፤ «እሺ፣ በቃ ተዝናኑ» ብለው ዘጉ።

ስትመለስ ፀጋአብና ሐጁ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አይነጋገሩም፤ ግን አልተራራቁም። ሐጁ ወደ ወንዙ በኩል ያለውን፣ ሰው ተሳፍሮበት ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን፣ በብረት የተንጠለጠለውን ትልቅ የመጫወቻ ጀልባ በቀይ ጣታቸው አሳይተው ጠየቁ። ፀጋአብም ሳያመነታ፣ ረጋ ብሎ፣ አጭር መልስ ሰጣቸው። ሐጁ ትከሻቸውን ወደ ታች ጣሉ።

«ምን ፈለጉ?» አለች ናርዶስ።

«ጀልባውንም ታይልኛለች ወይ አሉ። እንደዚህ በቀዩ።»

«እና?»

«እንቢ አልኳቸው» አለ ፀጋአብ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። «ዕረፍት ላይ ናት፣ አትችልም አልኩ። እንዲያውም አልከበደኝም።»

ናርዶስ ቀዩን ቆርቆሮ ከመሬት አነሳችና ጆሮዋ ጋ አድርጋ ነቀነቀችው። ግማሽ ያህል አለው።

«ማን እንቢ በል አለህ?» አለችው፤ ጓንቷን እየለበሰች ወደ ጀልባው ሄደች።